የወንድሜ አበባና የእኔ ቅርፊት

አበባ አድናለሁ ብዬ ተነሥቼ ሰፈር ሙሉ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ። አሰላ የቆዩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ "አሃ፣ ባለ ቅርፊቷ!" ይላሉ። አዎ፣ እኔው ነኝ። ምን አደርጋለሁ፣ አንዴ ስም ወጥቶልኛል።

ያን ጊዜ በደርግ ዘመን አሰላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ባዮሎጂ ማስተማር ማለት ሰሌዳ ላይ የዛፍ ሥዕል ስሎ "ይህ ሥር ነው፣ ይህ ግንድ ነው" ማለት ነው እንጂ፣ እኔ በእጄ የተከልኩት ነገር ቢኖር በዘመቻ ያስተከሉን አንድ ችግኝ ብቻ ነው፤ እሱንም በማግስቱ ፍየል በላው። ሆኖም በሰፈሩ የተክል ወሬ ከተነሣ ከእኔ አፍ የሚቀድም አልነበረም። እናቴ "አንቺ እኮ ዝናቡም ሳታስተምሪው የሚዘንብ አይመስልሽም" ትለኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነበርን። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄዷል። እናቴ ዝምተኛ ናት፣ እኔ ደግሞ ከእንቅልፌ ስነቃ ጀምሬ እስክተኛ እለፈልፋለሁ፤ ስለዚህ ቤቱ ሰው የጎደለበት አይመስልም ነበር።

ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ከአጥራችን በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ በመንገዱ ዳር የአበባ መደብ ሠርቶ ነበር። የእርሻ ፕሮጀክት ፈረንጆች ከኖሩበት ግቢ አጥር ላይ ቅርንጫፍ እየቆረጠ አምጥቶ ጽጌረዳ ተከለ፤ በመካከሉ ዳልያ ጨመረበት፤ ዙሪያውን ከወንዝ ባመጣው ድንጋይ ከበበው። ለማን ብሎ እንደሆነ አልነገረንም፤ ከማዶ ያለችውን ልጅ ለማስደመም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የሄደ ዕለት እናቴን አቅፎ "እማዬ፣ አበባዬን አደራ" አላት። ሌላ ምንም አላለም። ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ሰው የሚናገረው ይጠፋዋል መሰለኝ።

እናቴም አደራውን ያዘች፤ አያያዟስ! ክረምቱን አሰላ ውሃ ሞልቶ ይተርፋል። ጥርና የካቲት ግን ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚመጣው ደረቅ ንፋስ መሬቱን ይሰነጣጥቀዋል፣ የቀበሌው ቦኖም አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይጠፋል። እሷ ከማለዳ ተሰልፋ የቀዳችውን ውሃ በወገቧ ተሸክማ ትመጣና ግማሹን ለአበባው ታጠጣዋለች። "እማዬ፣ ወገብሽ እኮ ነው" ስላት "አደራ ነው" ትለኛለች፣ በቃ።

የወንድሜ ወሬ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከአበባነት አለፈ። አፍ አውጥታ አልተናገረችውም እንጂ እኔ አውቄባታለሁ። አበባው ካለ ልጇ አለ። አንድ ቅጠል ቢጫ ሲሆን የእሷም ፊት ይገረጣል። አንድ እምቡጥ የፈነዳ ቀን ምሳዋን በደንብ ትበላለች። እኔ ይህን እያየሁ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

እንግዲህ የተማርኩት ልጅ መላ መምታት ነበረብኝ። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ትተውት የሄዱት የመጽሔት ክምር በቤተ መጻሕፍታችን ጥግ አቧራ ይጠጣ ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም፣ የአገራቸው ነው፤ አንዲት ቃል አላውቅም። ይህ እኔን መች ያግደኛል፤ ሥዕሉን አነበብኩት። አንዱ ገጽ ላይ ጽጌረዳ በጽጌረዳ የሆነ መደብ አለ፣ ከአበባዎቹ ሥር ደግሞ ቡናማ ነገር ወፍራም ሆኖ ተነጥፏል። የተቆላ ቡና መሰለኝና "እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ቢጠግቡ ነው!" ብዬ ተቆጣሁ። ኋላ እርሻ ቢሮ የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ ሳገኘው መጽሔቱን ገልጬ አሳየሁት።

"የዛፍ ቅርፊት ነው" አለኝ። "እርጥበት ይይዛል፣ አረም ይከለክላል። በሳምንት አንዴ ቢጠጣ ይበቃዋል። ግን አንድ ነገር…"

"አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ" አልኩት። "ለማረጋገጥ ያህል ነው እንጂ።" አንድ ነገር ያለውን ሳልሰማ ሄድኩ።

ችግሩ አሰላ ብርድ ነው። የባሕር ዛፍ ቅርፊት እሳት የሚያያዝበት ነው፤ እናቶች አጎንብሰው ከመንገድ ላይ የሚለቅሙት ነው። እሱን አበባ ሥር ማንጠፍ የጤፍ ዱቄት ደጅ ላይ እንደ መበተን ነው። ሰፈሩ ካየ "እስቲ ትንሽ" ሳይል አይቀርም፣ እናቴ ደግሞ እምቢ ማለት አታውቅም። ስለዚህ ብልህ ሆንኩ። ማንም ሳያይ፣ እናቴም ሳትሰማ አመጣዋለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መደቡ ተነጥፎ ታገኘዋለች፤ ከእንግዲህ ያን ሁሉ ውሃ መሸከም ቀረልሽ እላታለሁ። ስታቅፈኝ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

ከከተማው ዳር አጠና እየላጡ ለቤት ሠሪ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ተስማማሁና አንድ ጋሪ ነጂ ያዝኩ።

"እሑድ ጎህ ሳይቀድ አምጣልኝ" አልኩት። "ማንም እንዳያይህ።"

"ለምንድን ነው ቲቸር?"

"እሱን ተወው። ዋናው ነገር እናቴ እንዳትሰማ። እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

ሰውየው አንገቱን ሰበር አድርጎ "እሺ፣ አይዞሽ" አለኝ። ምን አይዞሽ ያሰኛል ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ጨዋ ሰው ነው ብዬ ተደሰትኩ።

እሑድ እናቴ ለኪዳን ወጣች፣ ጋሪው መጣ። እኔ በጓሮ በኩል መጥረቢያ ስፈልግ ጎረቤታችን ባለ ሱቋ ገና ሱቋን ሳትከፍት በአጥሯ ላይ አየችው። ለቅሶ ቤት እንጨት እንደሚጫን ማን የማያውቅ አለ። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር፣ እስኪነገርም እናት እንዳትሰማ እንደሚደበቅ ማን የማያውቅ አለ። ልጁ ጦር ሜዳ ያለ ቤት ደጃፍ ላይ በጨለማ እንጨት ሲራገፍ ያየች ሴት ምን ትበል? "ማል ተኤ?" አለችው በኦሮምኛ፣ ምን ሆነ ማለቷ ነው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናትየው እንዳትሰማ ነው የተባልኩት። ልጅቷ ቀስ ብላ ልትነግራት ነው" አላት። በቃ! ሴትዮዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ ዕድሩ ዳኛ ቤት ሮጠች። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ቅርፊቱን እየደረደርኩ ሳለ መጀመሪያ ባለ ሱቋ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። "ጉድ ፈላ፣ አየችው" አልኩ በልቤ። ዓይኗ የቀላው ከእንቅልፏ ተነሥታ ነው፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ቸኩላ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ከላይ ሰፈር ያሉት እናት መጡ። ቀጥሎ ማዶ ያሉት ባልና ሚስት ገቡ። ከዚያ የዕድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ይዘው ከነጥሩምባ ነፊው ደረሱ፤ ከኋላቸው ወንዶች የድንኳን እንጨት ተሸክመዋል። እኔ ግን አሁንም የታየኝ ቅርፊቴ ብቻ ነው። ለአንድ ጋሪ ቅርፊት ይህ ሁሉ ሰው! ድንኳን እንጨቱን ሳይ ደግሞ "መሸከሚያ ሁሉ ይዘው መጡ" አልኩ።

ክምሩ ፊት ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"ማንም እንዳይነካ! አንዲት ቅርፊት አልሰጥም! ለራሴ ጉዳይ ነው ያመጣሁት!"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ "ወይኔ፣ ልጅቷ ለየላት" ስትል ሰማሁ።

የዕድሩ ዳኛ ቀረብ አሉኝ። "ማንም አይወስድብሽም ልጄ። አይዞሽ።"

"ጋሼ፣ እርስዎም? እርስዎን የሚያህል ሰው ለዚህ ይመጣል?"

"እንዴት አልመጣም? እጄ ላይ አይደል ያደገው?" አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "አልቅሺ ልጄ። አትያዢው፣ ይውጣልሽ።"

ያኔ ነው ዓይኔ የተከፈተው። የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየሁ። ሲተከል የነበረውን ድንኳን አየሁ። ሰው ሁሉ እኔን በምን ዓይነት ዓይን እንደሚያየኝ አየሁ። ወንድሜ ሞቷል፤ እነሱ ሰምተዋል፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ልጮኽ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ቅርፊቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ አንዲት ቃል አጣሁ። እኔው ባስወራሁት ወሬ እኔው ተቀምጬ ደነዘዝኩ፤ ሰፈሩ ግን በእኔ ፈንታ እሪ አለ።

እናቴ በዚህ መካከል የአጥሩን በር ከፍታ ገባች።

ሰውን አላየችም። ድንኳኑንም ያየች አይመስለኝም። እኔን ነው ያየችው፤ ዝም ብዬ መቀመጤን። የያዘችው ጠበል ከእጇ ወደቀ። አበባው መደብ ዳር ካሉት ድንጋዮች አንዱ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ ነጠላዋን ብቻ አዘቀዘቀች።

ባለ ሱቋ እያለቀሰች፣ ደረቷን እየመታች "ያ ጋሪ ነጂ ምነው ምላሱ በተቆረጠ፣ ይህን ከሚነግረኝ!" ስትል ሰማሁ። ጋሪ ነጂ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

"ምን ነገረሽ?" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"እናትየው እንዳትሰማ ተብያለሁ አለኛ!"

"ሌላስ? ሌላ ያያችሁት፣ የሰማችሁት ነገር አለ?"

ማንም ምንም የለውም። ቀበሌ አልጠራቸውም፣ ከግንባር የመጣ ሰው የለም። ሁሉም የሰማው ከእሷ፣ እሷ ከጋሪ ነጂው፣ ጋሪ ነጂው ከእኔ። ዘልዬ ተነሣሁ።

"ለአበባ ነው! ቅርፊቱ ለአበባ ነው! ማንም አልሞተም! እማዬ፣ ለአበባሽ ነው ያመጣሁት!"

እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "አባትሽ ሐኪም ቤት በሞተ ጊዜ 'ተሽሎታል፣ ሾርባ አምሮታል' ብላችሁ ሾርባ አሠራችሁኝ" አለች። "ሾርባውን ይዤ ስወጣ ነው ድንኳኑን ያየሁት። ደግሞ አሁን አበባ ነው ትሉኛላችሁ?"

እውነቷን ነው፣ ሾርባውን ያሠራኋት እኔ ነበርኩ። እንዲያ ነው ወጉ፤ ሞት በአንዴ አይነገርም። እንግዲህ ምን ብዬ ላሳምናት? አልሞተም ባልኩ ቁጥር ሞቷል ያልኩ ያህል ነው። ዳኛው በመስቀል ማሉላት፤ "ሚስትዎ በሞተች ጊዜ እኔም ለእናቷ እንዲሁ ምዬ ነበር" አለቻቸው። ባለ ሱቋ "ወላሂ፣ ከእኔ ነው የተነሣው፣ ስህተት ነው" አለቻት፤ እናቴ እጇን ይዛ "አውቃለሁ እህቴ፣ እኔም ብሆን እደብቅልሽ ነበር" አለቻት። የባሰው ደግሞ ሰፈሩ ራሱ መጠራጠር ጀመረ። ከላይ ሰፈር ያሉት እናት ለጎረቤታቸው "ቅርፊት ለአበባ? ምስኪን፣ ውሸት እንኳ አታውቅበትም" ሲሉ ሰማኋቸው።

መጽሔቱን ከቤት ይዤ ወጣሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ "ቡና ነው የተሰጣው?" አለ። እናቴ አላየችውም።

ሌላ ምን ይቀረኛል? ካመጣሁት ሥራውን ልሥራው አልኩ። የእሑድ ቀሚሴን እንደለበስኩ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቅርፊቱን እየከተከትኩ ከጽጌረዳው ሥር ማንጠፍ ጀመርኩ። ሥዕሉ ላይ ያለው ደቀቅ ያለ ነው፤ የእኔ ግን አንዳንዱ እንደ ክንድ ይረዝማል፣ አንዱን ሳስተኛው ሌላው ይነሣል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ መሬት ላይ ናቸው። ማንም አልረዳኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። እብድ ሲሠራ ዝም ብሎ ይታያል፣ እንዲያ ነው የሚያዩኝ። እናቴ ድንጋይዋ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

በዚህ መሐል የባለ ሱቋ ዶሮ በአጥር ቀዳዳ ገባች። ቀይ፣ ወፍራም፣ ቀበጥ ዶሮ ነበረች። ቀጥ ብላ የነጠፍኩት ላይ ወጣችና ጫር ጫር፣ ጫር ጫር! ቅርፊቱን ወደ መንገዱ በተነችው። ለቅሶ ነውና በጨዋ ደንብ "እሽ" አልኳት። ራቅ አለችልኝ። መልሼ ሳስተካክል ከኋላዬ ዞራ ገባችና ዳልያውን ከነአፈሩ ማራገፍ ያዘች። እንደገና እሽ አልኩ። ዓይኔን እያየች ጫረች! እኔ ደግሞ ትዕግሥት የምትባለውን ነገር እግዜር ሲያድል አልነበርኩም።

"አንቺ የት አባሽ! ዛሬ ወጥ ካላደረግኩሽ እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም!" ብዬ ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩ። ዶሮዋን ሳትኳት፤ ጥሩምባ ነፊውን ጉልበቱ ላይ አገኘሁት። ዶሮዋ እየጮኸች በለቀስተኛው መካከል ሮጠች፣ እኔ በአንድ እግር ጫማ ተከተልኳት።

"ኧረ ዶሮሽን አትሰበስቢም?" አልኳት ባለ ሱቋን።

"በለቅሶ መካከል ስለ ዶሮ ታወሪያለሽ? አታፍሪም?"

"ምን ለቅሶ አለ? ለቅሶ የለም እያልኩ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ! ለቅሶውን ያመጣሽው አንቺ፣ ዶሮዋንም ያመጣሽው አንቺ!"

"ዶሮዬን ብትነኪ ውርድ ከራሴ!"

"እነካታለሁ! እበላታለሁ! ቅርፊቴን ጨረሰችው እኮ!"

ዳኛው "ኧረ በእግዚአብሔር፣ ኧረ ተዉ" እያሉ በመካከላችን ሲገቡ ከኋላዬ "ተዉአት" የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ ናት። ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። ፀጉሬ ላይ ቅርፊት ተሰክቷል፣ አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ ፊቴ በርበሬ መስሏል። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከላይዋ አንሥታ እንደ ወትሮው አጣፋችው።

"ልጄ አለ" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"ይቺን እኔ ወልጃታለሁ" አለች እናቴ። "አባቷ በሞተ ጊዜ የጎረቤት በሬ ገብቶ ጎመኔን ሲጨርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር። 'ሂድ' እንኳ አላለችውም። ያን ሾርባ ካሠራችኝ ወዲያ ለሳምንት አንደበቷ ተዘግቶ ነበር የከረመችው። ወንድሟ ሞቶ ቢሆን ለቅርፊት ብላ ከዶሮ ጋር አትጣላም።" ይህን አለችና ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተደፍቼ አለቀስኩ። ዳኛውም እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ "ድንኳኑን አውርዱ" አሉ።

እንግዲህ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ መጽሔት አገላብጬ፣ እናቴን ማሳመን የቻልኩት በጅልነቴ ብቻ ነው። በእሱ ግን ማንም አይጠራጠረኝም።

እናቴ ደግሞ ደግነቷ አይለቃትም። "ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ በብርድ ወጥቶ በባዶ እጁ አይሄድም" አለችና ቅርፊቱን አደለችው። ሰፈሩ ለቅሶ መጥቶ ማገዶ ታቅፎ ተመለሰ። ባለ ሱቋ የታቀፈችው ከሁሉ ይበልጥ ነበር። የቀረኝ ከበሩ እስከ መደቡ እኩሌታ እንኳ አልደረሰም፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ቆይቶ ቅጠሎቹን ቢጫ አደረጋቸው። እየበረርኩ እርሻ ቢሮ ሄድኩ።

"እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነዋ!" አለኝ ሰውየው። "ከርሞ ካልበሰበሰ አይሆንም። ያን ቀን ልነግርሽ ስል አውቀዋለሁ አላልሽም?"

ያንን ጠራርጌ አወጣሁና ከእንጨት መሰንጠቂያው ጓሮ የከረመ የጽድ ቅርፊት አመጣሁ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ "ለአበባ ነው!" እያልኩ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እየነገርኩ። ያኛው ሠራ። አበባው አገገመ፣ የእናቴም ወገብ ትንሽ አረፈ። በየዓመቱ በበጋው መጀመሪያ ቅርፊት መቀየር ሥራዬ ሆነ። ሰፈሩ ሲስቅብኝ ከረመ፤ ሚዜ የሆንኩበት ሰርግ ላይ እንኳ "ለባለ ቅርፊቷ እልል በሉላት" ብለውኛል።

የወንድሜ ወሬ ግን አልመጣም። ሬዲዮው ስለ ግንባሩ ባወራ ቁጥር፣ ከሁሩታ ወይም ከዲክሲስ የአንዱ ልጅ መርዶ መጣ በተባለ ቁጥር፣ እናቴ ሌላ ሰው አትጠይቅም። በመስኮት እኔን ታያለች። እኔም ይገባኛል። እፈራ ነበር። ግን ወጥቼ ቅርፊቱን መነካካት፣ በዶሮዋም በንፋሱም በቀበሌውም ላይ መጮኽ እጀምራለሁ። ምንም ያላጠፉ ዶሮዎችን ስንት ጊዜ ሰድቤአለሁ። ባለ ሱቋም ክፉ ወሬ በተሰማ ቀን ያችን ዶሮ ሆን ብላ ትለቃት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጠይቄያት "እኔ ምን አገባኝ" ብላኛለች። እናቴ ጩኸቴን ስትሰማ ከመስኮቱ ዞር ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እንዲህ ሆነን ዓመታት ገፋን።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሩ ተበትኖ መንገዱን ሞላው። ከናዝሬት በኩል በእግራቸው ይመጣሉ፤ የከሱ፣ የቆሸሹ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ቁራሽ የሚለምኑ። እናቴ ከበሩ አጠገብ ዳቦ በሰፌድ ታስቀምጥላቸው ነበር። የእያንዳንዱን ፊት ታያለች፣ ምንም ሳትል ትሰጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎርፍ የገፋውን ቅርፊት እየመለስኩ ነው። የአጥሩ በር ተከፈተ፣ ጭቃውን የሸሸ እግር መደቡ ውስጥ ገባ። በረባሶ ያደረገ፣ የተሰነጣጠቀ የወንድ እግር፣ የነጠፍኩት ላይ ቆመ።

ቀና ሳልል ጀመርኩ። "አንተ ሰውዬ! ዓይን የለህም? ስንት የደከምኩበትን ነው የምትረግጠው? ዳቦው እዚያ በር አጠገብ አለ፣ ውሰድ፤ ብላ፤ ግን እግርህን ከቅርፊቴ ላይ አንሣ! እግርህን አንሣ ስልህ አት…"

"አበባዬ ላይ ይህን ጉድ ያፈሰሰው ማነው?" አለ።

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ድምፅ አልወጣም።

ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። ከዚያ እናቴ በባዶ እግሯ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። የምታየው እኔን ብቻ ነው።

"ምነው?" አለችኝ። "ምነው ልጄ፣ ለምን ዝም አልሽ?"

መናገር አቃተኝ። ቅርፊት በያዘ እጄ መደቡ ላይ ወደቆመው ባለ አበባ አሳየኋት።